ስምንት ሲሞላ ይታሰራል፦ በናቪ ቋንቋ መቁጠር ለሚፈልግ ሰው

ለፊልምና ለልብ ወለድ የተፈጠሩ ቋንቋዎች ብዙ ናቸው። በአንዳንዶቹ መቁጠር የስም ጉዳይ ብቻ ነው። የስታር ትሬክ ፊልሞችን ቋንቋ ክሊንጎንን ብትወስዱ ዛሬ የሚቆጥረው እንደኛው በአሥር ነው። አሥሩን ስሞች ትሸመድዳላችሁ፣ አለቀ። ናቪ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ናቪ የሚቆጥረው በስምንት ነው።

ናቪ ፖል ፍሮመር የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ምሁር ለአቫታር ፊልም የፈጠረው ቋንቋ ነው። ፊልሙ የወጣው በፈረንጆቹ 2009 ነው። ናቪ የሚናገሩት፣ ፊልሙ ውስጥ ፓንዶራ በምትባል ዓለም የሚኖሩት ሰማያዊ ሰዎች በአንድ እጃቸው ያለው አራት ጣት ነው። በሁለት እጅ ስምንት። ስለዚህ ቁጥራቸውም ስምንት ላይ ይታጠፋል። (በነገራችን ላይ የሰው ዘር የተቀላቀለባቸው የአቫታር ገላዎች አምስት ጣት ነው ያላቸው። ፊልሙን ደግማችሁ ስታዩ እጅ እጃቸውን ተመልከቱ።)

ምሳሌዎቼን የማመጣው ከዚሁ ከወሎ ነው። ወሎ ያደገ ሰው ቁጥር በሌላ ቋንቋ ሲጠራ ቢሰማ አይደንቀውም። ሰኞ ባቲ ገበያ ውረዱ። አንዱ ፍየሉን በአማርኛ ይቆጥራል፣ ጎኑ የቆመው በኦሮምኛ፣ ግመል ይዞ የመጣው በአፋርኛ። ግን ሦስቱም የሚያስሩት፣ ማለትም አንድ ጥቅል የሚያደርጉት፣ አሥር ሲሞላ ነው። ስሙ ይለያያል እንጂ እስሩ አንድ ነው። ናቪ ላይ የሚለየው እስሩ ራሱ ነው። ስም ከመሸምደድ አትጀምሩ የምለውም ለዚህ ነው። መጀመሪያ እጃችሁ ስምንትን ይልመድ፣ ስሙ ይደርሳል።

1. ያለ ናቪ ቃል በስምንት መቁጠር

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ጭብጥ ሽምብራ፣ ስምንት ሲኒ እና አንድ ሰፌድ ነው። ሽምብራ ከሌለ በቆሎም ባቄላም ይሆናል። ስንት ፍሬ እንዳለ አስቀድማችሁ አትቁጠሩ።

አሁን ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ መጀመሪያው ሲኒ ጣሉ። ጮክ ብላችሁ ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ቀጣዩን ስትጥሉ "ስምንት" አትበሉ። "ሙሉ" በሉ። ሲኒው ሞላ። ወደ ሁለተኛው ሲኒ እለፉና ቀጥሉ፦ ሙሉ ከአንድ፣ ሙሉ ከሁለት፣ ሙሉ ከሦስት… ሙሉ ከሰባት፣ ሁለት ሙሉ። ከዚያ ሁለት ሙሉ ከአንድ እያላችሁ ትሄዳላችሁ። "ሁለት ብር ከሃምሳ" እንደምንለው ማለት ነው፣ አፋችን ላይ ያለ አነጋገር ነው።

ስምንተኛው ሲኒ ሲሞላ ሁሉንም ሲኒዎች ሰፌዱ ላይ ገልብጧቸው። እሱን "ትልቁ ሙሉ" በሉት። ሲኒዎቹ እንደገና ባዶ ናቸው፣ ከመጀመሪያው ትጀምራላችሁ።

እኔ ይህን የተለማመድኩት አክስቴ ቡና ስታፈላ ሲኒዎቿን ከረከቦቱ ላይ አንስቼ ነው። ስታየኝ ቆየችና "ልጄ፣ ዘጠኝና አሥር ምን አደረጓችሁ?" አለች። ምንም አላደረጉንም። ናቪ ውስጥ ራሳቸውን የቻሉ ስሞች የሏቸውም እንጂ ፍሬዎቹ አሉ። ዘጠኝ ማለት አንድ ሲኒ ሙሉና አንድ ፍሬ ነው። እትዬም አንድ ጊዜ ሞክራ "አራት ሙሉ ከሁለት" ብላ ሽምብራውን ወደ ማሰሮው መለሰችው።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ብዙ ሰው ዘሎት ቀጥታ ወደ ስሞቹ ይሄዳል። ከዚያ "ቮል" በተባለ ቁጥር በሆዱ "ስምንት፣ ስምንት ሲደመር ሦስት፣ አሥራ አንድ" እያለ ያሰላል። ያ መቁጠር ሳይሆን ሒሳብ መሥራት ነው። "ሦስት ሙሉ ከሁለት" ስትሉ በዓይነ ህሊናችሁ ሦስት ሲኒና ሁለት ፍሬ ከታያችሁ ደረጃውን አልፋችኋል። ሃያ ስድስት መሆኑን ማወቅ አያስፈልጋችሁም።

ሲኒ በሌለበት ጣት አለ። አውራ ጣታችሁን ወደ መዳፋችሁ አጥፉና የቀሩትን አራት አራት ጣቶች ተጠቀሙ። ሁለቱም እጅ ሲያልቅ ሙሉ ነው።

2. ስምንቱ ስሞች

አሁን ወደ ቃላቱ።

1 – አው
2 – ሙኔ
3 – ጴይ
4 – ትሲንግ
5 – ምርር
6 – ፑካፕ
7 – ኪና
8 – ቮል

ፊደላችን አብዛኛውን በደንብ ይይዘዋል። አንዳንዱ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ጴይ ላይ ያለው ጴ የጴጥሮስ ጴ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ድምፅ ለማውጣት ብዙ ይለፋሉ። እኛ "ኢትዮጵያ" ባልን ቁጥር የምናወጣው ድምፅ ነው። ናቪ ጠን እና ቀንም የሚመስሉ ድምፆች አሉት። በዚህ በኩል ከብዙ ተማሪ ቀድመን ነው የምንነሳው።

ፑካፕ ላይ ያለው ግን ተራው ፐ ነው። ፖሊስን "ቦሊስ" የሚል ሰው እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለበት። ፐ፣ ጰ እና ፈ ናቪ ውስጥ የየራሳቸው ሥራ አላቸው፣ ወዲያው ታዩታላችሁ። የመጨረሻው ፕ ደግሞ አይፈነዳም። ከንፈር ይገጠምና እዚያው ይቀራል።

ትሲንግን "ጺንግ" አትበሉት። ጸ ጠንካራ ነው፣ ይሄኛው ለስላሳ ነው። ት እና ስን አንድ ላይ አጣብቁ። መጨረሻ ላይ ያለው ንግ ደግሞ አንድ ድምፅ ነው። "ማንጎ" በሉና ጎ ላይ ሳትደርሱ ቁሙ። ምላሳችሁ ኋላ ላይ ተጣብቆ፣ ድምፁ በአፍንጫ ሲወጣ፣ እሱ ነው። ግ አይሰማም። የኢው ድምፅም ሙሉ ኢ ሳይሆን በኢ እና በእ መካከል ነው።

ምርር የሁሉም ተወዳጅ ነው። ከም በኋላ አናባቢ የለም፣ ምላስ እየተንቀጠቀጠ ር ብቻ ይረዝማል። ለማስታወስ ቀላል ነው፤ "ምርር ብሎኛል" የሚል ሰው ሁሉ አምስት እያለ ነው።

ኪና ላይ የመጨረሻው ድምፅ በነ እና በና መካከል ነው። ሁለቱንም ተራ በተራ በሉና መሀሉን ፈልጉ። አው "አዎ"ን ሳይጨርሱ እንደመተው ነው። ቮል ቮልስ መኪና ነው፣ ስ የለውም። ሙኔን የሚያስታውስ ነገር አላገኘሁለትም። ሸምድዱት።

ስትለማመዱ በዝርዝር ብቻ አትቁጠሩ። ዝርዝር እንደ ዜማ ይያዛል፣ ከመሀል ሲጠይቋችሁ ግን ይጠፋል። ከነገሮች ጋር አያይዙት። የኢትዮጵያ ዋና ዋና ቅኝቶች ስንት ናቸው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፦ ትሲንግ። አንዱ ቅኝት ስንት ድምፅ አለው? ምርር። የሳምንት ቀን? ኪና። የቡናው ዙር፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ? ጴይ። እንዲህ ስታደርጉ ቁጥሩ ከተራው ተነጥሎ በራሱ ይቆማል።

በነዚህ ስሞችም ሽምብራውን አንድ ጊዜ ቁጠሩ። "ሙሉ" ያላችሁት ቦታ ላይ አሁን ቮል ትላላችሁ።

3. ከቮል በኋላ፦ አንድ ሕግ ሁሉንም ይፈታል

ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ያሉት እነዚህ ናቸው፦

9 – ቮላው
10 – ቮሙን
11 – ቮፔይ
12 – ቮሲንግ
13 – ቮምርር
14 – ቮፉ
15 – ቮሂን

አሠራሩ እንደኛው አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ነው። ቮል ፊት ይቆማል፣ ትርፉ ይከተላል። የሚያደናግረው ጭራው ነው። ጴይ ፔይ ሆነ። ትሲንግ ሲንግ ሆነ። ፑካፕ ፉ፣ ኪና ሂን ሆኑ። ለምን?

ብዙ ሰው እነዚህን ሰባት ስሞች እንደ አዲስ ይሸመድዳቸዋል። አያስፈልግም። ናቪ ውስጥ ቃል ከሌላ ነገር ጋር ሲገጥም የመጀመሪያ ድምፁ የሚላላበት ሕግ አለ። ጠንካራው ጰ ወደ ፐ ይላላል። ፐ ወደ ፈ፣ ከ ወደ ሀ፣ ተ ወደ ሰ ይላላሉ። ትስ ት ጥሎ ሰ ብቻ ይሆናል። ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችው የጉሮሮ መቆም፣ አው ላይ ያለችው፣ ትጠፋለች። መ ግን አይላላም፣ ሙኔ እና ምርር መነሻቸው የማይነካው ለዚህ ነው።

አሁን ዝርዝሩን መልሳችሁ እዩት። ሰባቱም ከዚህ ሕግ አይወጡም። ቃሉ ያጥራል፣ መነሻው ይላላል፣ በቃ።

መላላቱ ለጆሯችንም እንግዳ አይደለም። ገጠር ወጣ ብላችሁ "ከዚያ"ን "ኸዚያ" የሚል ሰው ሰምታችኋል። ከ ላልቶ ኸ ሲሆን ማለት ነው። ኪና ሂን የሆነው በዚያው መንገድ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር ደግሞ አለ። ቮል መጨረሻው ላይ ያለችውን ል አንዳንዴ ይጥላል። ተከታዩ በተነባቢ ከጀመረ ትወድቃለች፦ ቮሙን፣ ቮፉ። በአናባቢ ከጀመረ ትቀራለች፦ ቮላው። ስለዚህ ል የምትሰሙት እስሩ ልክ ሲሞላ ወይም አንድ ሲተርፍ ብቻ ነው። ይህ በማዳመጥ ጊዜ በጣም ይጠቅማል። ል ከሰማችሁ ወይ ምንም አልተረፈም፣ ወይ አንድ ተርፏል።

መለማመጃ፦ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት 11 ናቸው። አንድ ሙሉ ከሦስት። ቮፔይ። የዓመቱን ረጃጅም ወራት ቁጠሩ፣ ቮሲንግ። ጳጉሜን ጨምሩ፣ ቮምርር። አሥራ ሦስት ወር ያለው አገር ሰው ቮምርርን የመርሳት መብት የለውም።

4. ሁለት እስር፣ ሦስት እስር

እስሮቹ ሲበዙ ቁጥራቸው ከቮል ፊት ይለጠፋል፣ አጥሮ።

16 – ሜቮል
24 – ጴቮል
32 – ትሲቮል
40 – ምርርቮል
48 – ፑቮል
56 – ኪቮል

እኛ ሃያ፣ ሰላሳ፣ አርባ እያልን ለየብቻ ስም እንይዛለን። ሃያ ውስጥ ሁለት የት እንዳለ ለልጅ ማስረዳት አይቻልም። ናቪ እዚህ ላይ ይቀላል፣ ስንት ሲኒ እንደሞላ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ትርፉን ጭራ ላይ ትጨምራላችሁ፣ በደረጃ ሦስት ባያችሁት መልክ። ሁለት ሙሉ ከአንድ ሜቮላው ነው (17)። ሦስት ሙሉ ከሦስት ጴቮፔይ ነው (27)። ጴቮፔይ ላይ ሦስት ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ በሉ። ፊት ያለው ጠንካራው ጴ ነው፣ ኋላ ያለው የላላው ፔ። ጰ እና ፐን ለዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። አምስት ሙሉ ከአምስት ምርርቮምርር ነው (45)። ይህን በፍጥነት ሦስት ጊዜ በሉት፣ ምላሳችሁ የት እንደደረሰ ታያላችሁ።

መንገድ ላይ ያሉ ነገሮች ለዚህ ደረጃ ጥሩ ናቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፦ ሦስት ሙሉ ከአንድ፣ ጴቮላው። ወደ ሐይቅ ብትሄዱ 30 ገደማ ነው፦ ሦስት ሙሉ ከስድስት፣ ጴቮፉ። እኔ ሚኒባስ ውስጥ የምቆጥረው ሰው ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!" ሲል፣ እኔ ከኋላ ወንበር ጭንቅላት እቆጥራለሁ። ሜቮል ላይ ከደረሰ የተፈቀደው ልክ አልፏል ማለት ነው፣ እሱ ግን አሁንም "አንድ ሰው" እያለ ነው።

5. ዛም፣ ወይም ትልቁ ሙሉ

ስምንት ሲኒ ሞልቶ ሰፌድ ላይ ሲገለበጥ ዛም ይባላል። በኛ 64 ነው። ለናቪ ሰው ግን መቶ ለኛ ያለውን ቦታ የያዘ ቁጥር ነው፦ የእስሮች እስር።

ከዛም በላይ ያለውን ለመረዳት የግዕዝ ቁጥር የሚያነብ ሰው ይቀለዋል። ግዕዝ ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም። ፲፻ ብሎ ይጽፈዋል፣ አሥር መቶ። ናቪም ቮዛም ይላል፣ ቮል ጊዜ ዛም። በኛ 512 ነው። ግዕዝ ለእልፍ ሁለት ፻ን ገጥሞ ፼ን ይሠራል፣ መቶ ጊዜ መቶ። ናቪም ዛዛም ይላል፣ ዛም ጊዜ ዛም። እሱ 4,096 ነው። እንዲህ ያለ መገጣጠም ስታዩ ደስ ይላል። ፍሮመር ከግዕዝ ወሰደው እያልኩ አይደለም፣ በእስር የሚቆጥር ሁሉ እዚህ መንገድ ላይ ይገናኛል።

ሁለት ዛም ሜዛም ነው፣ ሦስት ጴዛም፣ ስድስት ፑዛም። ቅጥያዎቹ ደረጃ አራት ላይ የተማራችኋቸው ናቸው። አዲስ ነገር የለም።

6. የኛን ቁጥር ወደ ናቪ መመለስ

እስካሁን ነገር እየቆጠራችሁ ነው የመጣችሁት። አንዳንዴ ግን ቁጥሩ ተቆጥሮ በአሥር ቤት (በአሥር በአሥር ታስሮ) ይመጣላችኋል፦ ዕድሜ፣ ርቀት፣ ዋጋ። ያኔ ሒሳብ ግድ ነው።

መንገዱ ይህ ነው። ከትልቁ እስር ጀምሩ። ቁጥሩ ውስጥ 64 ስንት ጊዜ ይገባል? ያንን ያዙ። የተረፈው ውስጥ 8 ስንት ጊዜ ይገባል? ያዙ። የቀረው ፍሬ ነው። ቁጥሩ 512 ከደረሰ ከ512 ጀምሩ።

ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 64 አንድ ጊዜ ገባ፣ 56 ተረፈ። 56 ውስጥ 8 ሰባት ጊዜ ይገባል፣ ምንም አልተረፈም። ስለዚህ አንድ ሰፌድ፣ ሰባት ሲኒ፣ ዜሮ ፍሬ። በስምንት ቤት ሲጻፍ 170 ይሆናል። ሲነገር ዛም፣ ከዚያ ኪቮል።

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ገደማ ነው። 64 ስድስት ጊዜ ይገባል፣ ያ 384 ነው፣ 16 ተረፈ። 16 ሁለት ስምንት ነው። ስድስት ሰፌድ፣ ሁለት ሲኒ፣ ዜሮ ፍሬ፦ 620። ፑዛም፣ ከዚያ ሜቮል። በነገራችን ላይ 620 ተብሎ ሲጻፍ መንገዱ የረዘመ ይመስላል። ለተሳፋሪ አትንገሩ።

በስምንት ቤት በተጻፈ ቁጥር ውስጥ 8 እና 9 የሚባሉ አኃዞች አይገቡም። ወረቀታችሁ ላይ አንዱን ካያችሁ የሆነ ቦታ እስር ሳይታሰር ቀርቷል። እንዲሁም እዚያ ቤት "10" ሲጻፍ "አሥር" ብላችሁ አታንብቡት፣ ቮል ነው። "100" ደግሞ ዛም።

ወደ ኋላ መመለሱ ይቀላል። ፑቮሙን ሰማችሁ እንበል። ስድስት ሲኒ ከሁለት። 48 ሲደመር 2፣ ሃምሳ።

7. ቁጥሩን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ማስገባት

"ስንት?" ለማለት ፖልጳይ ይባላል። ጰ እዚህም አለች።

ናቪ ስምን ከነጠላና ከብዙ በላይ ይከፋፍለዋል። ለሁለት የራሱ ቅጥያ አለው፣ ሜ። ለሦስትም የራሱ አለው፣ ጴ። ሜቮልና ጴቮል ላይ ያያችኋቸው ናቸው። ሰው ቱቴ ነው። ሁለት ሰው ሜሱቴ፣ ሦስት ሰው ጴሱቴ። ተ ወደ ሰ እንደላላ አያችሁ? ያው ሕግ ነው።

ከአራት ጀምሮ ግን ቁጥሩ ራሱን ችሎ ይቆምና ስሙ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። እኛም በንግግር "አምስት ሰው መጣ" እንላለን፣ "ሰዎች" አንልም። በቁጥሩና በስሙ መካከል አ ትገባለች፣ ሁልጊዜ በስሙ በኩል። ስሙ ከቀደመ ቱቴ አምርር፣ ቁጥሩ ከቀደመ ምርራ ቱቴ። ሁለቱም ትክክል ነው።

ተራ ለመቁጠር መጨረሻ ላይ ቬ ትጨምራላችሁ፣ እኛ ኛ እንደምንጨምረው። አውቬ፣ ሙቬ፣ ጴይቬ፣ ትሲቬ፣ ምርርቬ፣ ፑቬ፣ ኪቬ፣ ቮልቬ። ቡና ላይ ከተቀመጣችሁ አቦል አውቬ ነው፣ ቶና ሙቬ፣ በረካ ጴይቬ። ወሎ ቡና ላይ ቶሎ ስለማይነሣ ለመደጋገም ጊዜ አለ።

አንድ ጊዜ አውሎ፣ ሁለት ጊዜ ሜሎ፣ ሦስት ጊዜ ጴሎ ነው። ከዚያ በላይ አሎ የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጋር ታያይዛላችሁ፦ አሎ አምርር፣ አምስት ጊዜ።

8. ስልክ ቁጥር

ስልክ ቁጥር አይቆጠርም፣ አኃዝ በአኃዝ ይነበባል። የኛ ስልክ ደግሞ 8 እና 9 የሞሉበት ነው። ናቪ ለዚህ ከሰው ልጆች ቋንቋ ማለትም ከእንግሊዝኛ የተዋሳቸው ሁለት ቃላት አሉት፦ ኤይት ለ8፣ ናይን ለ9። ዜሮ ኬው ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ሞባይል በ09 ሲጀምር ኬው ናይን ይባላል፣ በ07 ሲጀምር ኬው ኪና። እነዚህን ቃላት ለአኃዝ ንባብ ብቻ ተጠቀሙ። ዘጠኝ ፍየል ስትቆጥሩ ናይን ካላችሁ የለፋችሁበት ሲኒ ሁሉ ከንቱ ሆነ። እሱ ቮላው ነው።

መለማመጃ

ስሞቹን ሳታዩ መልሱ። መልሱ ከታች አለ።

ሀ. 12 እንቁላል፣ በናቪ።
ለ. 29።
ሐ. 63። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጥርስ ምን ይባላል?
መ. ትሲቮላው በኛ ስንት ነው?
ሠ. ምርርቮፉ በኛ ስንት ነው?
ረ. ከታች ካሉት የተሳሳተው የቱ ነው፦ ሜቮፔይ፣ ሜቮጴይ፣ ሜቮሂን?
ሰ. ዘንድሮ 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። በስምንት ቤት እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦

ሀ. ቮሲንግ።
ለ. ሦስት ሙሉ ከአምስት፣ ጴቮምርር።
ሐ. ኪቮሂን። ቀጥሎ ዛም ይመጣል፣ ሲኒዎቹ ይገለበጣሉ።
መ. አራት ሙሉ ከአንድ፣ 33። ል የተሰማችው አንድ ስለተረፈ ነው።
ሠ. አምስት ሙሉ ከስድስት፣ 46።
ረ. ሜቮጴይ። ጭራ ላይ ጰ ወደ ፐ መላላት ነበረበት።
ሰ. 512 ሦስት ጊዜ ይገባል፣ 482 ይተርፋል። 64 ሰባት ጊዜ ይገባል፣ 34 ይተርፋል። 8 አራት ጊዜ ይገባል፣ 2 ይቀራል። 3742። የራሳችሁን የትውልድ ዓመትም በዚሁ መንገድ ሞክሩት።